ሜርኩሪ የጠጣው ወለል፦ በሆቦከን ግራንድ ስትሪት ላይ የሆነው

ሆቦከን ከማንሃተን ትይዩ፣ ከሃድሰን ወንዝ ማዶ ያለች ትንሽ የኒው ጀርሲ ከተማ ናት። ዛሬ የቤት ዋጋዋ አይቀመስም። ዱሮ ግን የወደብና የፋብሪካ ሠራተኛ ከተማ ነበረች። መርከብ ይጠገንባት ነበር። የማክስዌል ሃውስ ቡና እዚያው ይቆላ ነበር፤ ፋብሪካው የተዘጋው በ1992 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ ጠንካራ የጡብ ሕንጻዎች ባዶ ቀሩ። በማንሃተን ኪራይ የተማረሩ ሠዓሊዎች፣ ቀራጮችና ፎቶ አንሺዎች ደግሞ ወንዙን እየተሻገሩ መጡ። ሰፊ ቦታ፣ ብዙ ብርሃን፣ ረከስ ያለ ዋጋ ፈልገው ነው የመጡት።

በኦገስት 1993 ከእነዚህ ሰዎች መካከል የተወሰኑት ተደራጁና በግራንድ ስትሪት ላይ አንድ ባለ አምስት ፎቅ የቀድሞ ፋብሪካ ገዙ። አድራሻው ከ722 እስከ 732 ግራንድ ስትሪት ነው። ከጎኑ የተያያዘ ባለ አራት ፎቅ ቤትም ነበረው። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ሕንጻውን 16 ያህል መኖሪያና ስቱዲዮ አድርጎ መከፋፈል፣ እያንዳንዱም የራሱን ክፍል እንደ አቅሙ እያደሰ መኖር። ሀብታም አልሚ አልነበሩም። ገንዘባቸውን አዋጥተው የሚኖሩበትንና የሚሠሩበትን ቤት የፈለጉ ሰዎች ናቸው። እኛ አገር በማኅበር ተደራጅቶ ቤት የሠራ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ሁለት ዓመት ከምናምን በኋላ ሁሉም ከቤታቸው እንዲወጡ ታዘዙ። በመጨረሻም ሕንጻው ፈረሰ።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ምክንያት አለኝ። ባዶ የቆመ የተበከለ ሕንጻን አጽድቶ ሰው እንደ አቅሙ የሚከፍልበት መኖሪያ ማድረግ ዛሬ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚወደስ ሥራ ነው፤ መወደሱም ተገቢ ነው። ሪባን ሲቆረጥና ከንቲባው ፎቶ ሲነሱ ሁሉም ያጨበጭባል። ሥራው ግን የት ላይ እንደሚበላሽ ማየት የሚፈልግ ሰው የተሳካውን ሳይሆን ግራንድ ስትሪትን ነው ማየት ያለበት። እዚያ የጠፋው ገንዘብ ወይም ፈቃድ ብቻ አልነበረም። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። መጀመሪያ ሰው ገባ፤ ብክለቱ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ያ ፋብሪካ ምን ይሠራ ነበር?

ፒተር ኩፐር ሂዊት የሚባል አሜሪካዊ ፈልሳፊ ነበር። አባቱ የኒው ዮርክ ከንቲባ፣ አያቱ ደግሞ ስመ ጥሩው ኢንዱስትሪያሊስት ፒተር ኩፐር ነበሩ። ሰውየው በ1901 የሜርኩሪ መብራት ላይ የፈጠራ መብት አገኘ። መብራቱ ረጅም የመስታወት ቱቦ ነው። ቱቦው ውስጥ ፈሳሽ ሜርኩሪ አለ። ለማብራት ቱቦውን ዘንበል ያደርጉታል። ያን ጊዜ ሜርኩሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈስና ኤሌክትሪኩን ያገናኛል። መልሰው ሲያቀኑት ፈሳሹ ይቆረጣል፣ ተኑ ይለኮሳል፣ መብራቱ ይበራል።

የሚሰጠው ብርሃን አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ነው። ቀይ ቀለም የሚባል ነገር ስለሌለው የሰው ፊት በዚያ ብርሃን ሲታይ የሬሳ ፊት ይመስላል። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ የሚፈልገው አልነበረም። ለፋብሪካ፣ ለፎቶ ስቱዲዮና ለድምፅ አልባ ፊልም ቀረጻ ግን ተወዳጅ ሆነ፤ ብዙ ኤሌክትሪክ ሳይበላ ብዙ ብርሃን ይሰጥ ነበርና።

የግራንድ ስትሪቱ ሕንጻ ከ1910 ገደማ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የሜርኩሪ መብራትና በሜርኩሪ የሚሠሩ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች ይመረቱበት ነበር። መጀመሪያ የኩፐር ሂዊት ኩባንያ፣ በኋላ ደግሞ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ወይም በአጭሩ ጂኢ ሠርተውበታል። ከዚያ ሕንጻው የመሣሪያና የቅርጽ ማውጫ ሥራ ለሚሠራ ድርጅት ተላለፈ። በስተመጨረሻ ወደ ሠዓሊዎቹ ሄደ።

ከሃምሳ ዓመት በላይ በአንድ ሕንጻ ውስጥ በየቀኑ ሜርኩሪ ሲቀዳና ሲሞላ ምን ይሆናል? ይፈሳል። በዚያ ዘመን መሬት ላይ የፈሰሰን ሜርኩሪ እንደ አደጋ የሚቆጥረው ጥቂት ሰው ነው። ይጠረጋል፣ ቀሪው በጣውላዎቹ መካከል ይሰርጋል፣ ሥራ ይቀጥላል።

ሜርኩሪ ለምን እንዲህ አስቸጋሪ ሆነ?

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ነው።

ሜርኩሪን፣ ባዜቃን ማለት ነው፣ አብዛኞቻችን የምናውቀው ከቴርሞሜትር ነው። ቴርሞሜትር ተሰብሮ በመዳፉ ያንከባለለው ልጅ ስንቱ ነው! እንደ ጤፍ ጥቃቅን ሆኖ ይበተናል፣ ሁለቱ ሲገናኙ አንድ ይሆናሉ፣ በጣት ሲነኩት ይሸሻል። ልጅ እንዴት አይወደው? ክብደቱም ይገርማል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ሲሆን አንድ ሊትር ሜርኩሪ 13 ኪሎ ተኩል ነው። ያ ክብደት ነው ወደ ታች የሚጎትተው። የወለል ስንጥቅ ካገኘ ይገባል። ከላይኛው ጣውላ ወደ ታችኛው፣ ከታችኛው ወደ ግድግዳው ጥግ፣ ከዚያም ከሥር ወዳለው ፎቅ ይወርዳል።

ብዙ ሰው የሚፈራው ሜርኩሪ መዋጥን ነው። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። የተዋጠ ፈሳሽ ሜርኩሪ አንጀት ውስጥ ከሞላ ጎደል አይመጠጥም፤ አልፎ ይወጣል። የሚጎዳው ተኑ ነው። ወደ ሳንባ ከገባው ተን 80 በመቶ ያህሉ ወደ ደም ያልፋል። ከደም ወደ አንጎልና ወደ ኩላሊት ይሄዳል። የእርጉዝ ሴት ከሆነም ወደ ጽንሱ ያልፋል።

ሜርኩሪ በክፍል ሙቀት ዝም ብሎ ይተናል። መሞቅ ወይም መፍላት አያስፈልገውም። ተኑ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ለንጽጽር አንድ ቁጥር ልስጣችሁ። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ዛሬ ሜርኩሪ ፈሶ ወደ ጸዳ ቤት ሰው እንዲመለስ የሚፈቅዱት አየሩ ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ ከ1 ማይክሮግራም በላይ ካልተገኘ ነው። 10 ከደረሰ ሰው ከዚያ እንዲርቅ ያደርጋሉ። በ20 ዲግሪ ሙቀት ሜርኩሪ ተዘግቶ የተቀመጠበት አየር ግን ከ13 ሺህ ማይክሮግራም በላይ መያዝ ይችላል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ይህ ቁጥር እጥፍ ያህል ይሆናል። በክረምት መስኮት ተዘግቶ ማሞቂያ ሲበራ ምን እንደሚመጣ አስቡት።

የጉዳቱ ምልክትም ተንኮለኛ ነው። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መነጫነጭ፣ መርሳት፣ የድድ ሕመም። ከእነዚህ መካከል ሥራ የበዛበት ሰው የማይሰማው የትኛው ነው? ሐኪም ጋ ሄዶ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ላለ ሠዓሊ «ቤትህ ዱሮ ምን ይሠራበት ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ከየት ይመጣል?

ወለሉ ሲነሳ

ነገሩን ያወጣው ሐኪም ወይም ተቆጣጣሪ አልነበረም። እድሳቱ ነው። በ1995 ነዋሪዎች ክፍሎቻቸውን ሲያድሱ ከወለሉ ሥር ሜርኩሪ አገኙ። ጠብታ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ተጠራቅሞ የተኛ ነበር።

የአካባቢው የጤና ሰዎች መጡ፣ ቀጥሎ የክልሉ፣ ቀጥሎ የፌዴራሉ። አየሩ ተለካ። ሽንት ተመረመረ፤ ምክንያቱም ለሜርኩሪ ተን የተጋለጠ ሰው ዋናው መለኪያ ሽንት ነው። ከተመረመሩት 29 ነዋሪዎች 20ዎቹ፣ ማለትም 69 በመቶው፣ በሽንታቸው በአንድ ሊትር 20 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሜርኩሪ ተገኘባቸው። ያልተጋለጠ ሰው ላይ በብዛት የሚታየው ከ5 በታች ነው። ልጆችም በዚያ ሕንጻ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ሲዲሲ፣ የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል፣ ጉዳዩን በ1996 በሳምንታዊ መጽሔቱ ላይ አወጣው።

በጃንዋሪ 1996 መጀመሪያ የከተማው ጤና ቢሮ ነዋሪዎቹ ሕንጻውን እንዲለቁ አዘዘ። በዚያው ወር የፌዴራሉ የመርዛማ ንጥረ ነገሮች ኤጀንሲ ለሕዝብ የጤና ማስጠንቀቂያ አወጣ። ጊዜው ክረምት ነው። በኒው ጀርሲ የጃንዋሪ ብርድ ቀላል አይደለም። ሰዎቹ የወጡት ከቤት ብቻ አልነበረም፤ ከሥራ ቦታቸውም ነው። ለሠዓሊ ስቱዲዮውን ዘግቶ ውጣ ማለት ለነጋዴ ሱቅህን ዝጋ እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዕቃ አንድ ነገር ልበል። ሜርኩሪ በተበከለ ቤት ውስጥ ብረት ድስትና የመስታወት ብርጭቆ መጽዳት ይችላሉ። ሶፋ፣ ምንጣፍ፣ ፍራሽ፣ የሕፃን አሻንጉሊት ግን ተኑንና ጠብታውን ይይዛሉ። ይባስ ብሎ ደንግጦ ቫኪዩም የሚያነሳ ሰው አለ። ከዚህ የከፋ ስህተት የለም። ቫኪዩሙ ሜርኩሪውን ሰባብሮና አሙቆ በአየር ማውጫው በኩል ለመላው ቤት ያድለዋል። ማሽኑ ራሱም ከዚያ በኋላ የተበከለ ዕቃ ነው።

ማጽዳት ሲያቅት

የመጀመሪያው ጥያቄ «አጽድተን ልንመልሳቸው እንችላለን ወይ?» የሚል ነበር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ በተለምዶ ኢፒኤ የሚባለው፣ አማራጮቹን መዘነ። ሜርኩሪው በወለሉ፣ በግድግዳው፣ በሕንጻው አጥንት ውስጥ ነው። ወለሉን ብታነሳው የጡቡ ስንጥቅ አለ። እሱን ብታጸዳ ከላይ ያለው ፎቅ ያንጠባጥባል። ዛሬ አየሩ ንጹሕ ነው ብለህ ብትፈርም ነገ በበጋ ሙቀት ልኬቱ ሊያሻቅብ ይችላል። ለመኖሪያ ሲሆን ደግሞ መስፈርቱ ከፋብሪካ በእጅጉ ይጠብቃል። ሠራተኛ በቀን ስምንት ሰዓት ነው የሚቆየው። ሕፃን ግን ወለሉ ላይ እየዳኸ ሃያ አራት ሰዓት ይተነፍሰዋል። ተኑ ደግሞ የሚነሳው ከወለሉ ነው።

ስለዚህ በሴፕቴምበር 1997 ውሳኔው ተሰጠ። ነዋሪዎቹ በቋሚነት ሌላ ቦታ ይሰፍራሉ፣ ሕንጻዎቹ ይፈርሳሉ፣ ከሥር ያለው አፈርም ተመርምሮ ይጸዳል። በዚያው ወር ቦታው በአገሪቱ እጅግ የተበከሉ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ሱፐርፈንድ የሚባለው ነው። በሱፐርፈንድ ታሪክ ነዋሪን በቋሚነት ማንሳት የተለመደ እርምጃ አይደለም። ይህን ውሳኔ ሲያስተላልፉ ሌላ መውጫ እንዳላዩ መገመት ይቻላል።

ማን ይክፈል? የ1980ው የሱፐርፈንድ ሕግ በዚህ ላይ ጨካኝ ነው፤ እንደኔ ጨካኝነቱ ትክክል ነው። «ያኔ ሕጋዊ ነበር» የሚል መከራከሪያ አይቀበልም። ከ40 ዓመት በፊት ያፈሰሰ ድርጅት ዛሬ ይጠየቃል። በዚህም መሠረት ሥራውን ጂኢ እንዲያከናውን ታዘዘ። ነዋሪዎቹ በበኩላቸው ጂኢንና ሌሎችን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ።

ማፍረሱ ራሱ የዋዛ ሥራ አልነበረም። በሜርኩሪ የተሞላ ሕንጻን በመዶሻ ዝም ብሎ መምታት ማለት ተኑን ለጎረቤት ማደል ነው። እንዲህ ዓይነት ሕንጻ ውስጡ እየተፈታ፣ የተበከለው እየተለየ፣ አየሩ እየተለካ ነው የሚፈርሰው። ሜርኩሪ ያለበት ፍርስራሽም የትም አይጣልም፤ ለመርዛማ ቆሻሻ ወደተፈቀደ ቦታ ይጓጓዛል። ግራንድ ስትሪት ከሱፐርፈንድ ዝርዝር የወጣው በ2007 ነው። ሰዎቹ ከወጡ 11 ዓመት መሆኑ ነው።

ሕግ አልነበረም ወይ?

ነበረ። ይህ ነው ሰውን የሚያንገበግበው። ኒው ጀርሲ በ1983 በአሜሪካ የመጀመሪያ የሆነውን ሕግ አውጥታለች። ፋብሪካ ሲሸጥ ወይም ሲዘጋ ባለቤቱ ብክለት እንዳለ መርምሮ የማጽዳት ግዴታ ይጥላል። ሕጉ በጁን 1993 ተሻሽሎ አዲስ ስም ወጣለት። ሠዓሊዎቹ ሕንጻውን የገዙት ከሁለት ወር በኋላ ነው። በዚያው በ1993 ንብረት ከመግዛት በፊት የሚደረገው የአካባቢ ምርመራ፣ ባለሙያዎች «ፌዝ ዋን» የሚሉት፣ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ደረጃ ወጣለት። ሁሉም ነገር ወረቀት ላይ አለ ማለት ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? የእነዚህ ምርመራዎች ዓይን በዋናነት የሚያየው መሬቱን ነው። አፈሩን፣ የከርሰ ምድር ውሃውን፣ የተቀበረ የነዳጅ ታንከሩን። ፌዝ ዋን እስከ ዛሬም አስቤስቶስን (ዱሮ ለግንባታ ይውል የነበረ፣ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን ነው)፣ የእርሳስ ቀለምን፣ ማለትም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበትን የግድግዳ ቀለም፣ እንዲሁም ሻጋታን የመሳሰሉ የሕንጻው የራሱ ጉዳዮችን ከመደበኛ ሥራው ውጪ ነው የሚያስቀምጣቸው። ደንበኛው ይታይልኝ ካላለ መርማሪው አያያቸውም። ወለልህን አንስቶ ከሥሩ የሚያይ ማንም የለም። ግራንድ ስትሪት ላይ ደግሞ በሽታው ወለሉ ውስጥ ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ይህን ለማወቅ ውድ ማሽን አያስፈልግም ነበር። ሕንጻው ምን ሲሠራ እንደኖረ ማወቅ ይበቃ ነበር። በአሜሪካ ከተሞች የእሳት አደጋ ኢንሹራንስ ካርታዎች አሉ፤ ሳንቦርን ካርታ ይባላሉ። በየሕንጻው ላይ የፋብሪካውን ስምና ሥራ ይጽፋሉ። የድሮ የስልክና የንግድ ማውጫዎች አሉ። ፌዝ ዋን የሚሠራ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያነባቸው እነዚህን ነው። «እዚህ የሜርኩሪ መብራት ይሠራ ነበር» የሚል አንድ መስመር ካገኘህ ቀጣዩ እርምጃ ግልጽ ነው። በእጅ የሚያዝ የሜርኩሪ መለኪያ ይዘህ ትገባለህ። ማሞቂያውን ከፍተህ፣ መስኮቱን ዘግተህ፣ የመለኪያውን አፍንጫ ወደ ወለሉ አስጠግተህ ትለካለህ። ጥቂት ጣውላም ታነሳለህ። የአንድ ሁለት ቀን ሥራ ነው።

ያው ስህተት እንደገና

ግራንድ ስትሪት ብቻውን ቢሆን «አንድ ጊዜ የሆነ ነው» ብለን ባለፍነው። ግን በዚያው በኒው ጀርሲ፣ ግሎስተር ካውንቲ፣ ፍራንክሊን ታውንሺፕ ውስጥ አኩተርም የሚባል የቴርሞሜትር ፋብሪካ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ተዘጋ። ሕንጻው ሳይጸዳ ተትቶ ቆየ። በ2004 ኪዲ ኮሌጅ የሚባል የሕፃናት መዋያ ተከፈተበት። በጁላይ 2006 ተቆጣጣሪዎች አየሩን ለክተው ሜርኩሪ ሲያገኙ ተዘጋ። ከተመረመሩት ልጆች አንድ ሦስተኛው ያህል ከተለመደው በላይ ሜርኩሪ ተገኘባቸው። ሕንጻው በ2010 ፈረሰ።

በጃንዋሪ 2007 ክልሉ አዲስ ሕግ አወጣ። የሕፃናት መዋያ ወይም ትምህርት ቤት እንዲህ ባለ የቀድሞ ፋብሪካ ውስጥ ከመከፈቱ በፊት የውስጥ አየሩ ጭምር እንዲረጋገጥ ያዛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትላላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ቢሆንም ሕጉ ጥሩ ነው። «መሬቱ» የሚለውን ትቶ «ክፍሉ» ብሎ የሚያስብ ሕግ ነው። የሚሸፍነው ግን መዋያና ትምህርት ቤትን ነው እንጂ መኖሪያን አይደለም።

ታዲያ ሥራው አይሞከር ማለት ነው?

አይደለም። እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ፣ ሐበሻ በብዛት በሚኖርበት በሚኒሶታ፣ ፒልስበሪ ኤ ሚል የሚባል በ1881 የተሠራ ግዙፍ የዱቄት ፋብሪካ አለ። በዘመኑ የዓለም ትልቁ ነበር። በ2003 ተዘጋ። ለዓመታት ባዶ ቆሞ ሊፈርስ ነው ሲባል ቆየ። በ2015 ገደማ 251 አፓርታማ ሆኖ ተከፈተ። የሚገባው ገቢው ከተወሰነ ጣሪያ በታች የሆነ ሰው ነው። በቅድሚያ የሚስተናገዱት ሠዓሊዎች መሆናቸው ደግሞ ግራንድ ስትሪትን ያስታውሰኛል።

ልዩነቱ ምንድን ነው? የዱቄት አቧራ ሜርኩሪ አለመሆኑ አንድ ነገር ነው፤ አልክድም። ዋናው ግን ገንዘቡ የመጣበት መንገድ ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ቤት ሲሠራ የታክስ ክሬዲት፣ ማለትም ከሚከፈል ግብር ላይ የሚቀነስ ገንዘብ፣ አለ፤ በ1986 የተጀመረ ነው። ለታሪካዊ ሕንጻ እድሳት የሚሰጥ ሌላ 20 በመቶ የታክስ ክሬዲት አለ። በሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አካባቢ ደግሞ የአካባቢውን ከተሞች የሚያስተባብረው ሜትሮፖሊታን ካውንስል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ብክለትን ለማጽዳት ብቻ የሚውል ገንዘብ ይሰጣል፤ የአስቤስቶስና የእርሳስ ቀለም ማስወገድን ይጨምራል። እያንዳንዱ ገንዘብ ሰጪ የራሱን ምርመራ ይጠይቃል። አሰልቺ ነው። ወረቀቱ አያልቅም። አልሚዎች ያማርራሉ፤ ሲያማርሩ መስማት የለመደ ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን ብዙ ዓይን ያየው ሕንጻ ላይ አንድ ነገር ተደብቆ የመቅረት ዕድሉ ይቀንሳል።

የግራንድ ስትሪት ሰዎች በራሳቸው አዋጥተው፣ በራሳቸው እጅ እያደሱ ነው የገቡት። ይህ የሚደነቅ ነው። በዚያው ልክ አደገኛ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ራስህ ጣውላ ስታነሳ የመጀመሪያው የምትተነፍሰው አንተ ነህ። በጋራ ቤት ለመግዛት ወይም ለማደስ የሚያስብ ማኅበር ካለ፣ የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። ለኩሽና ቁም ሳጥን የመደባችሁትን ገንዘብ አዘግዩትና መጀመሪያ የሕንጻውን ታሪክ በሚያነብና ወለሉን በሚያነሳ ሰው ላይ አውጡት። ሊታዩ የሚገባቸውን ነገሮች ስማቸውን ጠርታችሁ ውሉ ላይ አስገቡ፦ የክፍል አየር፣ ወለል፣ አስቤስቶስ፣ የእርሳስ ቀለም። «የአካባቢ ምርመራ ተደርጓል» የሚል አረፍተ ነገር ብቻውን ውሃ አያነሳም። የተመረመረው ምንድን ነው? አፈሩ ነው ክፍሉ?

ተከራይ ለሆናችሁም ይመለከታችኋል። በአሜሪካ ብዙ ወገን በቀድሞ ፋብሪካ ወይም መጋዘን ውስጥ በተሠሩ አፓርታማዎች ይኖራል። የአሜሪካ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ ሃድ የሚሉት፣ ገንዘብ ያስገባበት ፕሮጀክት ከሆነ፣ ቦታው የነዋሪን ጤና ከሚጎዳ መርዛማ ነገር ነጻ መሆኑ እንዲረጋገጥ ሕጉ ያስገድዳል። የምርመራው መዝገብም ለሕዝብ ክፍት ነው። የከተማው የቤቶች ቢሮ ሄዳችሁ የሕንጻውን አድራሻ ሰጥታችሁ «የኢንቫይሮንመንታል ሪቪው» መዝገቡን ማየት እፈልጋለሁ ማለት ትችላላችሁ። ስታገኙት መጀመሪያ የድሮ ሥራውን የሚያወራውን ክፍል አንብቡ። ቀጥሎ ከጽዳት በኋላ የተወሰደውን የመጨረሻ ልኬት ፈልጉ። በየትኛው ክፍል፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት፣ መስኮቱ ተዘግቶ ወይስ ተከፍቶ እንደተለካ ሊጻፍ ይገባል። ካልተጻፈ ጠይቁ።